ከስር የተለጠፈችው

ሊቁ፦ ወደ ግራ አማስል አልኩህ!

አይቸኩል፦ ወደ ግራ እኮ ነው የማማስለው።

ሊቁ፦ ያ ቀኝ ነው።

አይቸኩል፦ ባንተ በኩል ነው ቀኝ። ጋሼ፣ ዞረህ በእኔ በኩል ቁምና እየው፤ ግራ ነው።

ሊቁ፦ ሙጫ ለማየት እኔ አልዞርም። ሙጫው ይዙር!

(ፖስተር ለጣፊዎች ናቸው። ክፍላቸው ጠባብ ናት፤ ከፊት ምድጃና የዱቄት ሙጫ የሚቀቀልበት ትልቅ ድስት፣ ከኋላ አንድ አልጋ የምታስገባ ጓዳ። ትልቁን ሰውዬ ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል፤ በማያውቀው ጉዳይ ላይ ሲናገር ድምፁ ስለሚጎላ። ታናሹ የሚስቱ ወንድም ነው፤ «አይቸኩል» የሚል ስም ያወጣለት ራሱ ሊቁ ነው። አይቸኩል ይቀቅላል፣ ሊቁ ይለጥፋል። የአይቸኩል እጅ በእንፋሎት ተልጧል፤ የሊቁ እጅ ደግሞ ከመለጠፍ ይልቅ በመጠቆም ይደክማል። ነገ ምርጫ ነው። ጥግ ላይ የሦስት ዕጩዎች ፖስተር በሦስት እስር ተቆልሏል፤ ሁሉም ሳይመሽ ግድግዳ ላይ መውጣት አለበት።)

አይቸኩል፦ የማንን እናስቀድም?

ሊቁ፦ የሚያሸንፉትን።

አይቸኩል፦ ማን ያሸንፋል?

ሊቁ፦ ወይ ባለጢሙ፣ ወይ ባለከረባቱ። አዋላጇን ተዋት።

አይቸኩል፦ ለምን እተዋታለሁ? እኔ የምመርጠው እሷን ነው።

(ሊቁ ብሩሹን አስቀመጠ። ብሩሽ ሲያስቀምጥ ትምህርት ሊጀምር ነው። አይቸኩልም ይህን ስለሚያውቅ እሳቱን ቀነስ አደረገ።)

ሊቁ፦ አማቼ፣ እስቲ ቁጭ በል።

አይቸኩል፦ ማማሰሉን ካቆምኩ ይጓጉላል።

ሊቁ፦ እንግዲያው ቆመህ ተማር። ባለጢሙ ምን አለ? መንገዱን ለማስፋት በዚህም በዚያም ጎን ያሉትን ሱቆች ጠራርጌ አፈርሳለሁ አለ። አይደል?

አይቸኩል፦ ብሏል።

ሊቁ፦ ባለከረባቱስ? የለም፣ አንዱን ጎን ብቻ ነው የማፈርሰው አለ።

አይቸኩል፦ አዋላጇስ?

ሊቁ፦ እሷማ ምንም አላፈርስም፣ መንገዱን ከኋላ በባዶው ሜዳ በኩል አዞረዋለሁ ነው የምትለው።

አይቸኩል፦ ጥሩ ሐሳብ ነው።

ሊቁ፦ ጥሩ አይደለም ያለህ ማን ነው? ግን አታሸንፍም! ስለዚህ ለእሷ የሰጠኸው ድምፅ ለባለጢሙ እንደሰጠኸው ይቆጠራል።

አይቸኩል፦ እንዴት ተደርጎ? ምልክት የማደርገው ከእሷ ፎቶ ጎን ነው።

ሊቁ፦ ምልክቱን እሷ ጎን ታደርጋለህ፤ ጥቅሙ ባለጢሙ ጋ ይሄዳል።

አይቸኩል፦ ቆጣሪዎቹ ሌቦች ናቸው ማለት ነው?

ሊቁ፦ ሌባ የለም! ሒሳብ ነው!

አይቸኩል፦ እንዴ፣ በሒሳብ ነው የሚሰርቁት?

ሊቁ፦ (ግንባሩን ይዞ) ተወው። በምሳሌ ልንገርህ። ሁለት ሰዎች ሊደበድቡህ መጡ እንበል።

አይቸኩል፦ ምን አድርጌ?

ሊቁ፦ ምንም! እንበል ነው ያልኩት። አንዱ ዱላ ይዟል፤ አንዱ በጥፊ ብቻ ነው። አንዳቸውን ምረጥ ተባልክ።

አይቸኩል፦ በሩን እዘጋለሁ።

ሊቁ፦ በር የለም!

አይቸኩል፦ ታዲያ በየት ገቡ?

ሊቁ፦ ሜዳ ላይ ነህ!

አይቸኩል፦ ሜዳ ላይ ከሆንኩማ ሮጬ አመልጣለሁ።

ሊቁ፦ እግርህ ታስሯል! እግርህ ታስሮ፣ በር በሌለበት ሜዳ ላይ ቆመህ፣ ዱላ ወይስ ጥፊ ተብለሃል! በቃ!

አይቸኩል፦ (ማማሰያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ አራግፎ) ጋሼ፣ እግሬን ያሰረው ማን ነው?

(ሊቁ በዚህ ምሳሌ ፀጉር ቤት ውስጥ ስንቱን አሳምኗል፤ እግሩን ማን እንዳሰረው የጠየቀ ግን አልነበረም።)

ሊቁ፦ እሱ ሌላ ትምህርት ነው። መልስ!

አይቸኩል፦ እሺ፣ ጥፊ።

ሊቁ፦ ጎበዝ! ጥፊው ባለከረባቱ ነው። በስልት መምረጥ የሚባለው ይህ ነው። የምትወደውን አትመርጥም፤ የምትፈራውን ሊጥልልህ የሚችለውን ትመርጣለህ።

አይቸኩል፦ ገባኝ። ባለከረባቱ የሚያፈርሰው የትኛውን ጎን ነው?

ሊቁ፦ (ብሩሹን እንደገና አንስቶ ፀጉሩን እየመረመረ) አንዱን።

አይቸኩል፦ አንዱ የትኛው ነው?

ሊቁ፦ ፀሐይ የማያገኘውን ጎን ነው አሉ።

(አይቸኩል ዙሪያውን ቃኘ። እኩለ ቀን ነው፤ አምፖሉ በርቷል። ትናንት ያጠበው ሸሚዝ ገመዱ ላይ አሁንም ያንጠባጥባል። የሊቁም ዓይን ሳይወድ በግዱ ሸሚዙ ላይ አረፈ።)

አይቸኩል፦ እኛ ፀሐይ እናገኛለን እንዴ?

ሊቁ፦ አልፎ አልፎ።

አይቸኩል፦ መቼ?

ሊቁ፦ ከበሩ ወጣ ብለህ... ትንሽ ወደ መሃል መንገዱ ጠጋ ስትል።

አይቸኩል፦ ያ እኮ የማዶኞቹ ፀሐይ ነው። ስለዚህ ጥፊው የሚያርፈው እኛ ላይ ነው።

ሊቁ፦ ጥፊ ነው ግን!

አይቸኩል፦ ዶዘር ጥፊ አለው?

ሊቁ፦ አየህ፣ ለራስህ ብቻ አታስብ! ሁሉም ከሚጠፋ ግማሹ ይጥፋ!

አይቸኩል፦ እሱስ ይሁን። እኔ ግን ጓዳው ውስጥ ነው የምተኛው። ከፈረሰ የት ልግባ?

ሊቁ፦ ዘመድ አለህ። ዘመድ ያለው ሰው ሜዳ ላይ አይወድቅም።

አይቸኩል፦ እሱማ አዎ። እህቴም ሶፋው ይበቃሃል ብላኛለች።

(ያ ሶፋ የሊቁ ነው። ማታ ጫማውን አውልቆ፣ ልጆቹን አባርሮ፣ ብቻውን የሚዘረጋበት፤ በገዛ ቤቱ ውስጥ ማንም የማይከራከረው ብቸኛ ግዛቱ ነው። አይቸኩል ደግሞ ሲተኛ ያንኮራፋል። በስተጓዳ ተኝቶ ሲያንኮራፋ የድስቱ ክዳን ይንቀጠቀጣል።)

ሊቁ፦ መቼ ነው ያለችህ?

አይቸኩል፦ ባለከረባቱ ንግግር ያደረገ ዕለት።

ሊቁ፦ ለእኔ አልነገረችኝም።

አይቸኩል፦ ይደነግጣል ብላ ነው።

ሊቁ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) እኔስ ብሆን ልቤ ከአዋላጇ ጋ አይደለም እንዴ? ልጆቼን ያዋለደችው ማን ናት? የዚህ ሰፈር ግማሹ በእሷ እጅ ነው የወጣው። ፀጉር አስተካካዩን ጠየቅኩት፤ እወዳታለሁ፣ ግን አልመርጣትም አለኝ። ጫማ ሰፊውም እንደዚያው። የፎቶ ቤቷም ሴትዮ እንደዚያው።

አይቸኩል፦ ከወደዷት ለምን አይመርጧትም?

ሊቁ፦ ሌላው ስለማይመርጣት።

አይቸኩል፦ ሌላውስ ለምን አይመርጣትም?

ሊቁ፦ ሌላው ስለማይመርጣት ነዋ!

አይቸኩል፦ ይሄ ሌላው የሚባለው ሰውዬ የት ነው የሚኖረው? አንድ ጊዜ አግኝቼ ላናግረው።

ሊቁ፦ ሰውዬ አይደለም! ሌላው ማለት ሕዝቡ ነው!

አይቸኩል፦ ሕዝቡንማ አሁን ጠየቅኩት አልከኝ። ፀጉር አስተካካዩን፣ ጫማ ሰፊውን፣ የፎቶ ቤቷን ሴትዮ...

ሊቁ፦ አንተ ሰው! ማስረጃ ትፈልጋለህ? ውጣና ግድግዳ እይ! ግድግዳ አይዋሽም። ከአደባባዩ እስከ ገበያው አንድ ቦታ የእሷን ፊት አይተሃል?

አይቸኩል፦ አላየሁም።

ሊቁ፦ ለምን ይመስልሃል?

አይቸኩል፦ ስላልለጠፍናት። ጥግ ላይ ናት፤ አንተ ተቀምጠህባታል።

(እውነትም ሊቁ የተቀመጠው በአዋላጇ እስር ላይ ነው። ተነሳ፤ አየው፤ መልሶ ተቀመጠ። በክርክር መሃል የቆመ ሰው የተሸነፈ ይመስላል።)

ሊቁ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት ላንተ ነው!

አይቸኩል፦ እሺ፣ መቼ እንለጥፋት?

ሊቁ፦ ቆይ፣ ያ የአደባባዩ ግድግዳ ሸካራ ነው። የገበያው አጥርም እንደዚያው። ሸካራ ግድግዳ ላይ መጀመሪያ ምን እናደርጋለን?

አይቸኩል፦ ገበር። አሮጌ ጋዜጣ ከስር እንለጥፍና ዋናውን ከላይ።

ሊቁ፦ ጋዜጣ አልቋል። አሁን የሴትዮዋን ወረቀት ንካው እስቲ። ወፍራም! ለገበር የተፈጠረ ነው። ባለጢሙና ባለከረባቱ ከላይ ሲያርፉበት እንደ ብርጭቆ ልስልስ ይላሉ።

አይቸኩል፦ ጋሼ፣ ሥራዋን ተቀብለናል። ሁሉንም እለጥፍልሻለሁ ብለሃታል። እዚችው ቆማ ሳለ ስትነግራት ሰምቻለሁ።

ሊቁ፦ እለጥፋለሁ አልኩ እንጂ ይታያል አልኩ?

(አይቸኩል እያማሰለ አንዴ ወደ ጓዳው አየ፣ አንዴ ወደ ድስቱ። ሊቁ ይህን መረዳት ብሎ ተረጎመው።)

አይቸኩል፦ ሙጫውስ እንዴት ይሁን?

ሊቁ፦ ይኸውልህ፣ አሁን ሥራ ጠየቅክ! ለገበሩ ወፈር አድርገው፤ ከስር ያለው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከላይ ለሚለጠፉት ደግሞ ቀጠን ይበል፤ ፊታቸው እንዳይጨማደድ።

አይቸኩል፦ ምን ያህል ይቅጠን?

ሊቁ፦ ይቅጠን አልኩህ ይቅጠን! ባለከረባቱ ሽቅርቅር ነው፤ ፊቱ ላይ አንዲት መስመር ካየ ነፍሳችንን ያወጣታል።

አይቸኩል፦ እሺ ጋሼ።

(አይቸኩል ባልዲውን ይዞ ወደ ቧንቧው ሄደ። ሊቁ ተደሰተ። አማቹ ያለ ክርክር ሲታዘዘው ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ትምህርት ቀስ ብሎም ቢሆን ይገባል ማለት ነው አለ በልቡ።)

(በነጋታው ጠዋት። ሌሊቱን ካፊያ ጥሎ፣ ንጋት ላይ ነፋስ ተነስቶ ነበር። ከምርጫ ጣቢያው በር የጀመረው ሰልፍ ጥጉን ታጥፎ ሄዷል። አይቸኩል ወደ በሩ ተቃርቧል። ሊቁ መርጦ ከውስጥ ወጣ፤ ጣቱ ላይ ቀለም፣ ፊቱ ላይ ላብ አለ።)

ሊቁ፦ አማቼ! ጉድ አላየህም?

አይቸኩል፦ የቱን ጉድ?

ሊቁ፦ ሴትዮዋን! ከአደባባዩ እስከ ገበያው እሷ፣ እሷ፣ እሷ! ባለጢሙ የለ፣ ባለከረባቱ የለ! በአንድ ሌሊት!

አይቸኩል፦ አዎ፣ ስመጣ አየሁ።

ሊቁ፦ «አየሁ» ብቻ? በሙያው ውስጥ ያለ ሰው እኮ ይህን ሲያይ ይንቀጠቀጣል! የአንድ ሰው ሥራ መሰለህ? ድርጅት ነው። ቢያንስ ሃምሳ ለጣፊ አሰማርታለች። ያውም ባለሙያዎችን! አለጣጠፉን አየኸው? ጠርዙ ልክክ፣ መሃሉ ልጥፍ! እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ራሴ ከዚህ የተሻለ አልለጥፍም።

አይቸኩል፦ እሱስ ልክ ነህ፤ የተሻለ አትለጥፍም።

ሊቁ፦ ከኋላዋ ትልቅ ኃይል አለ። ለዚህ ነው ዝም ብላ የነበረችው፤ ተንኮለኛ! ፎቶዋን እየው እስቲ፣ ፈገግ እንኳን አላለችም። እንደምታሸንፍ የሚያውቅ ሰው ለምን ይስቃል?

አይቸኩል፦ ታዲያ ምን አደረግክ?

ሊቁ፦ ስልት ማለት ነፋሱን ማንበብ ነው። አነበብኩ። መረጥኳት!

አይቸኩል፦ አዋላጇን?

ሊቁ፦ ሌላ ማንን? እኔ ብቻ መሰለህ? ሰልፉን ሙሉ አዙሬዋለሁ! ፀጉር አስተካካዩ «ሌላው ይመርጣታል ወይ?» ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። «ግድግዳውን አታይም? ግድግዳ አይዋሽም!» አልኩት። እሱ ለጫማ ሰፊው ነገረ። ጫማ ሰፊው ለፎቶ ቤቷ ሴትዮ። የፎቶ ቤቷ ሴትዮ እንባዋ መጣ፤ «እኔኮ መጀመሪያም ልቤ እሷ ጋ ነበር» አለች። ለካ ሁሉም እንደዚያ ነው!

አይቸኩል፦ አገኘኸው ማለት ነው።

ሊቁ፦ ማንን?

አይቸኩል፦ ሌላውን። ትናንት አይመርጣትም ያልከኝን ሰውዬ።

ሊቁ፦ (ሳይሰማው) ሃምሳ ለጣፊ! የት አግኝታቸው ይሆን? በዚህ ከተማ እንደኛ ያለ ለጣፊ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አይቸኩል፦ ስንት ናቸው አልክ?

ሊቁ፦ ሃምሳ፤ ከሃምሳ አያንሱም።

አይቸኩል፦ ሁለት ነን።

ሊቁ፦ እነማን?

አይቸኩል፦ እኔና አንተ። ያ እኮ የትናንቱ ገበር ነው፣ ጋሼ።

(ሊቁ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። አዋላጇ ከላይ ሆና ታየዋለች፤ ልጆቹን ስትቀበል ያየው ያው ፊት ነው፣ ቸኩሎም አያውቅ፣ አፍሮም አያውቅ። ከግድግዳው ስር ጭቃው ላይ ባለከረባቱ በጀርባው ተንጋሎ ለሰማዩ ይስቃል። ፊቱ ላይ አንዲት መጨማደድ የለችም። ባለጢሙ አለፍ ብሎ ቱቦው አፍ ላይ ተጠቅልሏል፤ የሚታየው ጢሙ ብቻ ነው።)

ሊቁ፦ ሙጫው! ምን አድርገህ ነው የቀቀልከው?

አይቸኩል፦ ከላይ ለሚሆኑት ቀጠን ይበል አልከኝ።

ሊቁ፦ ቀጠን ይበል አልኩ እንጂ ውሃ ይሁን አልኩ?

አይቸኩል፦ ቀቅል አልከኝ እንጂ ይያዝ አልከኝ?

(ሊቁ ይህን አባባል የሆነ ቦታ ሰምቶታል። የት እንደሰማው ሲያስታውስ ጆሮው ጋለ።)

ሊቁ፦ አንተ... ሆን ብለህ ነው!

አይቸኩል፦ እኔ? እኔ እኮ ነገር ቶሎ አይገባኝም፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ሰዎቹ ሲያውቁ ይሰቅሉናል!

አይቸኩል፦ አያውቁም። ባለጢሙ «ባለከረባቱ አስቀደደብኝ» ብሏል፤ ባለከረባቱም «እሱ ነው ያስቀደደብኝ» ብሏል። ጠባቂዎቻቸው ገበያው በር ላይ ኮሌታ ለኮሌታ ተያይዘዋል። እኛን ማን ያስታውሰናል?

ሊቁ፦ እኔስ? እኔ ራሴ በለጠፍኩት ገበር ተታልዬ ነው ድምፄን የሰጠሁት? ገብቼ ላስተካክለው እንዴ? ይመልሱልኛል?

አይቸኩል፦ ምኑን ታስተካክላለህ? ትናንት ልቤ ከእሷ ጋ ነው ብለኸኛል።

ሊቁ፦ ልቤማ ከእሷ ጋ ነው! ሰው በልቡ ይመርጣል እንዴ?!

(በሩ ላይ የቆመችው ሴት «ቀጣይ!» አለች። የአይቸኩል ተራ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ደረጃውን ወጣ።)

ሊቁ፦ ቆይ! አንተስ ማንን ልትመርጥ ነው?

አይቸኩል፦ ባስተማርከኝ መሠረት ነዋ። ማሸነፍ የምትችለውን። ግድግዳውን አላየህም?

(ማምሻውን። ክፍላቸው ውስጥ ናቸው። በድምፅ ማጉያ የተነገረው ውጤት ገና ከመንገዱ አልጠፋም፤ ማዶ ለማዶ ያሉ ሱቆች በራቸውን ከፍተው ይንጫጫሉ። አዋላጇ አሸንፋለች። ባለጢሙና ባለከረባቱ ተከታትለው ወድቀዋል፤ ከግድግዳው በወደቁበት ቅደም ተከተል ነው ይላል አይቸኩል። ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ የሊቁን እጅ ጨብጦ ሄዷል፤ ጫማ ሰፊው «አንተ ባትነግረን ጉድ ሆነን ነበር» ብሎታል። ከእንዲህ ያለ ምስጋና በኋላ ሊቁ ጠዋት የሆነውን ለመርሳት ጊዜ አልፈጀበትም። ትልቅ ወረቀት ላይ «የምርጫ ስልት አማካሪ» ብሎ ጽፎ፣ ከበሩ በላይ ለጥፎ፣ ከስሩ ቆሟል።)

ሊቁ፦ አየህ አማቼ፣ ቤታችን ተረፈ።

አይቸኩል፦ ተረፈ። ሶፋህም ተረፈ።

ሊቁ፦ ሶፋውን ተወው፤ ስለ አገር ጉዳይ ነው የማወራው! ጠዋት እኔ ነፋሱን ባላነብ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

አይቸኩል፦ ነፋሱስ ሥራውን ሠርቷል።

ሊቁ፦ አላልኩም? ስልት ነው ያሸነፈው!

አይቸኩል፦ የወደዷትን መርጠው እኮ ነው ያሸነፈችው።

ሊቁ፦ የወደዷትን የመረጡት ታሸንፋለች ብለው ነው፤ ታሸንፋለች ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ በስልት ነው ያልኩት። ስለዚህ ስልት ነው። ከዚህ አቋሜ ማንም አይነቅለኝም!

(ይህን ሲል ከራሱ በላይ ቸስ የሚል ድምፅ ተሰማ። ማስታወቂያው በአንድ ጥጉ ተላቀቀ፤ በሌላውም ተላቀቀ፤ ተንሸራቶ ከነእርጥበቱ ሊቁ ትከሻ ላይ ተነጠፈ። ሊቁ ድስቱን አየ። ከትናንቱ የቀረውን ሙጫ ነው የተጠቀመው፤ የትኛው እንደቀረ አልጠየቀም።)

አይቸኩል፦ ጋሼ፣ ያ ትናንት ያልከኝ ተረት እንዴት ነበር? ሞኝና ወረቀት...

ሊቁ፦ (እንደ ልማዱ ተቻኩሎ) የያዘውን አይለቅም!

አይቸኩል፦ (ወረቀቱን ከትከሻው ላይ አንስቶ) ወረቀቱማ ይኸው ለቀቀ።